የሰርቨር ክፍል እውቀት ወደ ጉባኤ መድረክ፦ የሴሽን ፕሮፖዛል እንዴት ይጻፋል?

በፈተና ሰሞን ሙድል ሲጨናነቅ የምትጠሩት እናንተ ናችሁ? የሬጅስትራሩ ሲስተም ውጤት አላሳይ ሲል መጀመሪያ የሚጮኸው የእናንተ ስልክ ነው? ወይስ መምህራን ትምህርታቸውን ወደ ኦንላይን እንዲያዞሩ የምታሠለጥኑ፣ የዩኒቨርሲቲውን ድረ ገጽ የምትጠብቁ፣ የላይብረሪውን ዲጂታል ክምችት የምታደራጁ ናችሁ? እንግዲያው ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። «ኮንፈረንስ የመምህራን ነገር ነው፤ እኔ ምን አቀርባለሁ?» የምትሉ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ለእናንተ ነው።

እስቲ አንድ ነገር አስታውሱ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም የመጀመሪያው አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ለተመራቂ ተማሪዎች በኮምፒውተር ተሰጠ። በየዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተር ክፍሎች ተዘጋጁ፣ ኔትወርክ ተዘረጋ፣ ጄኔሬተር ተፈተሸ። ብዙ ባለሙያዎች በአንድ ሰሞን፣ እርስ በርስ ሳይተዋወቁ፣ አንድ ዓይነት ችግር ሲፈቱ ሰነበቱ ማለት ነው። ታዲያ ያን ጊዜ የተገኘው ትምህርት የት ተጻፈ? አብዛኛው በሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው። ባለሙያው የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ባንክ ሲገባ እውቀቱም አብሮት ይሄዳል። የሚተካው ልጅ ደግሞ ያንኑ ስህተት ከሀ ብሎ ይጀምራል።

ይህን ክፍተት ከሚሞሉ መንገዶች አንዱ በሙያ ጉባኤ ላይ ልምድን ማቅረብ ነው። የዚያ በር ቁልፍ ደግሞ ከአንድ ገጽ የማይበልጥ ጽሑፍ ነው፤ የሴሽን ፕሮፖዛል ይባላል።

ጥናታዊ ጽሑፍና የሴሽን ፕሮፖዛል አንድ አይደሉም

ባሕር ዳር ለጉባኤ እንግዳ አይደለችም። ኢንፎርሜሽንና ኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂን ለአፍሪካ ልማት ስለማዋል የሚመክረው ዓለም አቀፍ ጉባኤ በ2010 ዓ.ም መስከረም ወር እዚሁ ተካሂዷል፤ በ2011 ዓ.ም ግንቦት ላይም እንደገና። የባሕር ዳር ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም በሳይንስና ቴክኖሎጂ ዕድገት ላይ የሚያተኩር ሌላ ዓለም አቀፍ ጉባኤ በተከታታይ ዓመታት አስተናግዷል። በእነዚህ መድረኮች በዋናነት የሚቀርበው ጥናታዊ ጽሑፍ ነው። ጥያቄ፣ ዘዴ፣ ውጤት፣ ማጣቀሻ ይጠይቃሉ። «ይህ የእኔ ቦታ አይደለም» የሚለው ስሜት የሚመጣውም ከዚህ ይመስላል።

ሌላ ዓይነት ጉባኤ ግን አለ። የከፍተኛ ትምህርት ዲጂታል ባለሙያዎች የሚገናኙበት ነው። በአሜሪካ ኤጁኮዝ የተባለው ማኅበር (በ1998 እ.ኤ.አ. ሁለት ቀደምት ማኅበራት ተዋሕደው የመሠረቱት) በየዓመቱ ትልቅ ጉባኤ ያዘጋጃል። በአፍሪካ ደረጃ ኢ-ለርኒንግ አፍሪካ አለ፤ የመጀመሪያው ጉባኤ በ2006 እ.ኤ.አ.፣ 10ኛው ደግሞ በ2015 እ.ኤ.አ. የተካሄዱት አዲስ አበባ ነው። የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ የምርምርና ትምህርት ኔትወርኮችን የሚያሰባስበው ኡቡንቱኔት አሊያንስም የራሱን ዓመታዊ ጉባኤ ያዘጋጃል፤ የእኛው ኢተርኔት የዚህ ጥምረት አባል ነው።

እንዲህ ባሉ መድረኮች ላይ የሥራ ልምድም ቦታ አለው። ልዩነቱን በአጭሩ እንየው። ጥናታዊ ጽሑፍ «ይህን አዲስ ነገር አገኘሁ፤ ማስረጃዬም ይኸው» ይላል። የሴሽን ፕሮፖዛል ግን «ከእኔ ጋር 45 ደቂቃ ብትቀመጡ ይህን ይዛችሁ ትወጣላችሁ» የሚል ቃል ኪዳን ነው። በዓለም ላይ የመጀመሪያ የሆነ ግኝት አይጠበቅባችሁም። የሚጠበቀው የእውነት የሠራችሁት ሥራ መኖሩና ሌላው ሰው ከዚያ የሚወስደው ነገር መኖሩ ነው። ያልተሳካው ክፍልም ይጠቅማል። እንዲያውም ሰሚው ብዙ ጊዜ ማስታወሻ ደብተሩን የሚያወጣው «እዚህ ጋ ተሳሳትን» ስትሉ ነው።

ሐሳቡ ከየት ይመጣል?

ከመደርደሪያችሁ። የሩብ ዓመት ሪፖርታችሁን አውጡና «ያጋጠሙ ችግሮችና የተወሰዱ መፍትሔዎች» የሚለውን ክፍል ግለጡ። አለቃ እምብዛም የማያነበው ክፍል ነው፤ ለጉባኤ ግን ዋናው ወርቅ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

እያንዳንዱን መስመር በሦስት ጥያቄ ፈትኑት። አንደኛ፣ ይህ ችግር ሌላ ዩኒቨርሲቲም አለበት? ሁለተኛ፣ እኛ የሞከርነውን ሌላው ከነጉድለቱ በራሱ አቅም ሊሞክረው ይችላል? ሦስተኛ፣ ለውጥ መምጣቱን በምን አውቃለሁ? ለሦስቱም መልስ ያለው መስመር ካገኛችሁ በቃ፣ ሐሳብ አላችሁ።

ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ሰው ያስፈራል፤ ቁጥር የለንም እንላለን። ግን ሰርቨሩ ራሱ ይቆጥራል። በሳምንት ስንት ሰው እንደገባ፣ በስንት ሰዓት እንደተጨናነቀ በሎግ ፋይሉ ውስጥ ተመዝግቧል። ሎግ ባይኖር እንኳ ወደ ቢሮ የሚመጣውን የእርዳታ ጥያቄ ለሁለት ሳምንት ደብተር ላይ መመዝገብ ይቻላል። በእጃችሁ የሌለ ቁጥር ግን አትጻፉ። መድረክ ላይ «ይህን እንዴት ለካችሁት?» የሚል ሰው አይጠፋም።

ገምጋሚው ምን ያያል?

ብዙ ጊዜ ገምጋሚው ያለ ክፍያ የሚሠራ፣ እንደ እናንተው ያለ ሥራ ያለው ሰው ነው። ማታ ቤቱ ገብቶ በርካታ ፕሮፖዛሎችን ተራ በተራ ያነባል፣ ነጥብ ይሰጣል፣ አጭር አስተያየት ይጽፋል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ጉዳዩን ካላገኘው ትዕግሥቱ ያልቃል። መስፈርቱ ከጉባኤ ጉባኤ ቢለያይም በልቡ የሚጠይቀው ተቀራራቢ ነው።

• ይህ ሴሽን ለማን ነው? ለኔትወርክ ባለሙያ፣ ለአሠልጣኝ ወይስ ለኃላፊ?
• ተሳታፊው ምን ይዞ ይወጣል?
• ሰዎቹ ይህን በእጃቸው ሠርተውታል ወይስ ሊሠሩት አስበዋል?
• በተሰጠው ደቂቃ ያልቃል?
• የምርት ማስታወቂያ ነው?

የጥሪው ወረቀት መስፈርቱን በግልጽ ካስቀመጠ ደግሞ ሥራችሁ ቀለለ። መስፈርቶቹን እንደ ፈተና ጥያቄ ቁጠሩና ለእያንዳንዳቸው ቢያንስ አንድ ዓረፍተ ነገር መልስ ስጡ።

አንድ ሐሳብ በሁለት አጻጻፍ

ምሳሌ እንውሰድ። ዓባይ ማዶ፣ በዘንዘልማ ግቢ የሚሠራ አንድ የአይሲቲ ባለሙያ አለ እንበል። ሰውዬው ምናባዊ ነው፤ ችግሩ ግን የእውነት ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር አንረሳውም። ተማሪው ስልክ በእጁ እያለ የትምህርት ማስታወሻውን ማውረድ አልቻለም። ባለሙያችን ሙድልን ከግቢው ውጪ ካለ ሰርቨር ወደ ግቢው ውስጥ ሰርቨር አዞረ፤ የግቢው ዋይፋይ እስከሠራ ድረስ ኢንተርኔት ባይኖርም ተማሪው ማስታወሻውን ያገኛል።

የመጀመሪያ ረቂቁ እንዲህ ይላል፦

«ርዕስ፦ ኢ-ለርኒንግ በኢትዮጵያ ከፍተኛ ትምህርት፦ ተግዳሮቶችና መልካም አጋጣሚዎች። ቴክኖሎጂ በፍጥነት እያደገ ባለበት በአሁኑ ዘመን ኢ-ለርኒንግ ለትምህርት ጥራት ያለው ፋይዳ ከፍተኛ ነው። በዚህ ገለጻ የኢ-ለርኒንግ ምንነት፣ ጥቅሞች፣ ተግዳሮቶችና የወደፊት አቅጣጫዎች ይዳሰሳሉ።»

ውሸት የለበትም። ችግሩ ማንም፣ የትም፣ ምንም ሳይሠራ ሊጽፈው የሚችል መሆኑ ነው። ሰርቨሩ የለም፣ ግቢው የለም፣ ሰውየውም የለም። ሁለተኛውን እንይ፦

«ርዕስ፦ ኢንተርኔት ሲጠፋ ሙድል እንዳይጠፋ፦ የግቢ ውስጥ ሰርቨር ተሞክሮ። የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ወራት ተማሪዎቻችን ከግቢ ውጪ ወዳለው የሙድል ሰርቨር መግባት አቃታቸው። በአንድ አሮጌ ሰርቨር የግቢ ውስጥ ቅጂ አቋቋምን። በዚህ 45 ደቂቃ ምን ዕቃ እንደተጠቀምን፣ ሁለቱን ቅጂዎች እንዴት እንደምናመሳስል፣ መብራት ሲጠፋ ምን እንደደረሰብንና ዛሬ ብንጀምር ምን እንደምንቀይር እናሳያለን። ተሳታፊዎች የየራሳቸውን ግቢ በመፈተሻ ዝርዝር ይመዝናሉ፤ ዝርዝሩንም ይዘው ይሄዳሉ። ሴሽኑ የተዘጋጀው አነስተኛ በጀት ላላቸው የሲስተም አስተዳዳሪዎች ነው።»

ልብ በሉ፣ ሁለተኛው አንድም የሚያምር ቃል የለውም። ግን ማን፣ ምን፣ ለማን፣ በስንት ደቂቃ የሚለው ሁሉ አለበት። ገምጋሚው ኬንያም ይኑር ኔዘርላንድስ አዳራሹ ውስጥ የሚሆነው ነገር ይታየዋል። በእናንተ ፕሮፖዛል ላይ ደግሞ የለካችሁት አንድ ቁጥር ቢጨመር ይበልጥ ይጠነክራል፤ በሳምንት ስንት ተማሪ ይገባ እንደነበርና ከለውጡ በኋላ ስንት እንደሆነ።

ቋንቋውስ?

ፕሮፖዛሉ ብዙ ጊዜ የሚላከው በእንግሊዝኛ ነው። ግን መጀመሪያ በአማርኛ ጻፉት። ለሥራ ባልደረባ ስትነግሩት እንደምትሉት፣ «ነገሩ እንዲህ ነው…» ብላችሁ ጀምሩ። ሐሳቡ ከጠራ በኋላ ወደ እንግሊዝኛ ማዞር ቀላል ነው። ያልጠራ ሐሳብን በእንግሊዝኛ መጀመር ግን እንደ ላይኛው የመጀመሪያ ረቂቅ ዓይነት ጽሑፍ ያመጣል።

አንድ የቢሮ ልማድም ተዉ። በሪፖርታችን «ተሠርቷል»፣ «ተከናውኗል»፣ «እንዲስተካከል ተደርጓል» ማለት እንወዳለን። ማን እንደሠራው አይታወቅም። በፕሮፖዛል ላይ ግን «ሠራን»፣ «ሞከርን»፣ «አልሠራልንም» በሉ። ጉራ አይደለም፤ ገምጋሚው ማወቅ የሚፈልገው የሠራው ሰው መድረኩ ላይ ይቆም እንደሆነ ነው።

ርዝመቱንም ጠብቁ። ጥሪው 250 ቃል ካለ 250 ነው። አንዳንዱ ፎርም ከገደቡ ያለፈውን ጽሑፍ ራሱ ይቆርጠዋል፤ የተቆረጠው ደግሞ ምናልባት ዋናው ነጥባችሁ ይሆናል።

ደቂቃውን አስሉ

45 ደቂቃ ረጅም ይመስላል፤ አይደለም። 5 ደቂቃ ለመግቢያና ለመስመር መያዝ፣ 15 ለዋናው ታሪክ፣ 15 ተሳታፊው በእጁ ለሚሠራው፣ 10 ለጥያቄ። አለቀ። ከሦስት በላይ ዋና ነጥብ አይገባበትም። ይህን ክፍፍል ፕሮፖዛሉ ላይ በአንድ መስመር ማስቀመጥ ያሰባችሁበት መሆኑን ያሳያል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምታቀርቡ ከሆነ ደግሞ ከትልቁ አትጀምሩ። ብዙ ጉባኤዎች ፖስተር ወይም ከ5 እስከ 10 ደቂቃ የሚወስድ አጭር ገለጻ ይቀበላሉ። ፓነል ከመረጣችሁ ግን ሁሉም ተናጋሪዎች መስማማታቸውን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

የመጨረሻው ቀን መቼ ነው?

እዚህ ላይ እኛ ኢትዮጵያውያን ከሌላው ይበልጥ እንጠንቀቅ፤ ቀናችንም ሰዓታችንም የተለየ ነውና።

የብዙ ጉባኤዎች ጥሪ «በምድር ላይ በየትኛውም ቦታ» የሚባል የሰዓት አቆጣጠር ይጠቀማል። ትርጉሙ፣ በዓለም ላይ ቀኑ መጨረሻ በሚያልቅበት የሰዓት ክልል እስኪያልቅ ድረስ በሩ ክፍት ነው ማለት ነው። ያ ክልል ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት በ12 ሰዓት ወደ ኋላ ይገኛል። እኛ ደግሞ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። ልዩነቱ 15 ሰዓት ነው። ስለዚህ «ሜይ 15፣ 23:59» ሲል በእኛ ግንቦት 8 ከቀኑ 8:59 ነው፤ ግንቦት 7 እኩለ ሌሊት አይደለም።

ጥሪው የለንደን ሰዓት ከሆነ ደግሞ ወቅቱን እዩ። በክረምታቸው የለንደን 17:00 በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፤ በበጋቸው ግን ሰዓታቸውን በአንድ ስለሚያስቀድሙ ከምሽቱ 1 ሰዓት ይሆናል። ቀኑ በቁጥር ብቻ ከተጻፈም ተጠራጠሩ፤ 05/06 ለአሜሪካዊ ሜይ 6፣ ለእንግሊዛዊ ጁን 5 ነው።

ለማንኛውም የራሳችሁን የመጨረሻ ቀን ሦስት ቀን አስቀድሙ። መብራትም ኔትወርክም የጉባኤ ቀጠሮ አያውቁም። ጽሑፉን በፎርሙ ላይ ሳይሆን በኮምፒውተራችሁ ላይ ጻፉና ገልብጡት፤ ከላካችሁ በኋላም የማረጋገጫ ኢሜይሉን አስቀምጡ።

ከመላካችሁ በፊት

ፈቃድ ጠይቁ። የምታቀርቡት የተቋማችሁን ሥራ ስለሆነ የቅርብ ኃላፊያችሁ ቀድሞ ቢሰማው ይሻላል። የጉዞ አበልና የምዝገባ ክፍያ ነገርም ያኔ ይነሳል። ክፍያው በዶላር ከሆነ በምን መንገድ እንደሚከፈል፣ ለአቅራቢ ቅናሽ መኖሩን፣ በኦንላይን ማቅረብ ይቻል እንደሆነ አዘጋጆቹን በኢሜይል ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

ሁለተኛው ጉዳይ ደህንነት ነው። የሰርቨራችሁን አድራሻ፣ የሶፍትዌሩን ትክክለኛ ቨርዥን፣ ገና ያልደፈናችሁትን ቀዳዳ ስላይድ ላይ አታሳዩ። የተማሪ ስም፣ መለያ ቁጥርና ውጤት የሚታይበት ስክሪንሾትም አይለጠፍም። አሁን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፤ ጉዳዩ የጨዋነት ብቻ ሳይሆን የሕግም ሆኗል።

ሐሰተኛ ጉባኤን በምን እናውቃለን?

ገንዘብ ለመሰብሰብ ብቻ የሚዘጋጁ ጉባኤዎች አሉ። በ2005 እ.ኤ.አ. ሦስት የኤም አይ ቲ ተማሪዎች ትርጉም የሌለው ጽሑፍ በራሱ የሚፈበርክ ሳይጄን የተባለ ፕሮግራም ሠርተው ነበር፤ ከውጤቱ አንዱን ለአንድ ጉባኤ ቢልኩት ሳይገመገም ተቀባይነት አገኘ። በ2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሁለት ታላላቅ አሳታሚዎች፣ ስፕሪንገርና አይ ትሪፕል ኢ፣ በዚሁ ዓይነት ፕሮግራም የተፈበረኩ ከ120 በላይ ጽሑፎችን ከጉባኤ መድብሎቻቸው አነሱ። ስለዚህ የትልቅ አሳታሚ ስም ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ ሳያውቋችሁ «ታዋቂው ተመራማሪ» እያሉ የሚጋብዙ ኢሜይሎች፤ በሁለት ቀን የሚመጣ «ተቀብለናል»፤ ምንም አስተያየት የሌለው ግምገማ፤ በአንድ ሆቴል በአንድ ቀን የሚካሄዱ የሕክምናም የእርሻም የኮምፒውተርም ጉባኤዎች። ከተጠራጠራችሁ በፕሮግራም ኮሚቴው ዝርዝር ላይ ካሉት አንዱን ሰው በዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ፈልጋችሁ «በእርግጥ አሉበት?» ብላችሁ ጠይቁ።

ውድቅ ቢሆንስ?

ሊሆን ይችላል። ግን ውድቅ መሆን ምን ማለት እንደሆነና እንዳልሆነ የሚያሳይ ማስረጃ አለ። በ2014 እ.ኤ.አ. ኒውሪፕስ የተባለው (በወቅቱ ስሙ ኒፕስ የነበረው) የማሽን ለርኒንግ ጉባኤ 166 ጽሑፎችን ለሁለት የተለያዩ ኮሚቴዎች ሰጠ፤ አንዱ የሌላውን ውሳኔ አያውቅም። ከ4 ጽሑፎች በ1 ያህሉ ላይ ሳይስማሙ ቀሩ። አንዱ ከተቀበላቸው ውስጥ ከግማሽ የሚበልጡትን ሌላው ውድቅ አድርጎ ነበር።

በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ሙከራ ደግሞ በአንድ የኮምፒውተር ጉባኤ ላይ የጸሐፊውን ስም የሚያዩ ገምጋሚዎችን ከማያዩት ጋር አነጻጸረ። ስም የሚያዩት ወደ ታዋቂ ጸሐፊዎችና ወደ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች አጋደሉ። ሁለቱም ሙከራዎች ስለ ጥናታዊ ጽሑፍ ናቸው፤ ገምጋሚው ግን በሁለቱም ቦታ ሰው ነው። ስለዚህ ምርጫ ካላችሁ ስም ተሸፍኖ የሚገመገምበትን ጉባኤ አስቀድሙ። ስም የሚታይበት ከሆነም በተጨባጭ ሥራችሁ ላይ ተደገፉ፤ ሰርቨሩን ያቆማችሁት እናንተ መሆናችሁን ማንም ትልቅ ስም ሊተካው አይችልም።

እናም ውድቅ ሲሆን አስተያየቱን አንብቡ። ሁለት ገምጋሚዎች አንድ ነገር ካሉ አስተካክሉት። የተቃረነ ነገር ካሉ ደግሞ ጽሑፉ አሻሚ የሆነበትን ቦታ ፈልጉ። ከዚያ ለሌላ ጉባኤ ላኩት። እስከዚያው ሥራው አይባክንም፤ ያንኑ ገለጻ ፔዳ ወይም ፖሊ ግቢ ላሉ ባልደረቦቻችሁ ከሥራ በኋላ በ20 ደቂቃ አቅርቡት። ጥያቄያቸው ቀጣዩን ረቂቅ ያሻሽላል፤ እውቀቱም ከአንድ ሰው ጭንቅላት ወጣ ማለት ነው።

ለመጀመር ብዙ አያስፈልግም። በዚህ ሳምንት የሩብ ዓመቱን ሪፖርት አውጡ፣ ከ«ያጋጠሙ ችግሮች» አንድ መስመር ምረጡ፣ «ከእኔ ጋር ብትቀመጡ… ይዛችሁ ትወጣላችሁ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ሙሉት። ከዚያ አጠገባችሁ ላለው ባልደረባ አንብቡለት። «እኛም ጋ እኮ ይኸው ነው፤ እንዴት አደረጋችሁት?» ካለ፣ ፕሮፖዛላችሁ ለመላክ ተቃርቧል።